ያለ ተራ የተቀዳ ውኃ

የክልሉ ምክር ቤት አባል አቶ ቦሩ ጃተኒ የሞቱት በማይሞትበት ቀን ነው። መቼ ነው ታዲያ የሚሞተው የሚለኝ ካለ፣ ቢያንስ ከብቱ ጠጥቶ ከሄደ በኋላ እለዋለሁ።

በዚያ በ2014 ዓ.ም. ድርቅ፣ ከነገሌ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ በሚገኘው በኤላ ዲማ ከብት ውኃ የሚያገኘው በአራት ቀን አንዴ ነበር። ኤላ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው። ከብቱ በእሾህ ከታጠረው በር ገብቶ፣ ተቆፍሮ የወጣለትን ረጅም ቁልቁለት ወርዶ፣ ከሥር ካለው የጭቃ ገንዳ ይጠጣል። የዚያ ዙር የመጠጫ ቀን ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ግን ከገንዳው አጠገብ አስከሬን ተጋድሞ ተገኘ።

ምክትል ኢንስፔክተር ሸምሳ ዓብዱሰመድ ከነገሌ ስትደርስ የዞኑ አዛዥ በስልክ ጠበቃት።

«የአስከሬን መርማሪዎቹ ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ይደርሳሉ። እስከዚያ ሰውም ከብትም እንዳይገባ!»

«ጌታዬ፣ እስከ ቅዳሜ አንድም ከብት አይተርፍም።»

«ገዳዩን ያዢና ዛሬውኑ ክፈቺው። አለዚያ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።»

ሸምሳ ቀና ብላ አየች። ከበሩ ውጪ ስድስት መቶ የሚሆን ከብት የጎድን አጥንቱን እያስቆጠረ ቆሟል። ሁለት ሴቶች የወደቀች ላም አንዷ በጅራቷ፣ ሌላይቱ በቀንዷ ይዘው ሊያስነሷት ይታገላሉ። ላሚቱ ተነሣች፤ ጥቂት ቆማ መልሳ ወደቀች። ሸምሳ ወደ ገንዳው በጫማ መውረድ ነውር ነውና፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ላይ ጫማዋን አውልቃ ወረደች።

አቶ ቦሩ በጀርባቸው ተጋድመዋል። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰንጥቋል። ፀጉራቸውና ደረታቸው ውኃ ጠጥቷል፤ ራስጌያቸው የቆዳ መቅጃ ባዶውን ወድቋል። ጫማ አላደረጉም፤ ካልሲያቸው ግን እግራቸው ላይ ነው። ጎንበስ ብላ የካልሲውን መርገጫ አየች። ንጹሕ ነው። በእበት አቧራ የተሸፈነውን ቁልቁለት የወረደችበትን የራሷን ውስጥ እግርም አየች፤ ጠቁሯል።

ጫማቸውን ቁልቁለቱ አናት ላይ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን ከሚተውበት ቦታ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ አገኘችው። ማሰሪያው ሁለት ጊዜ እንደተቋጠረ ነው። ከበሩ ሥር ደግሞ ዝንብ የወረረው ድንጋይ አለ። ደሙን አፈር እንኳ ያለበሰው ሰው የለም።

እረኞቹ የደረሱት ጎህ ሲቀድ ነው። ማታውን በኤላው ያመሹት ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። መጀመሪያ ያነጋገረችው አብዱላሂን ነው፤ በቦቴ መኪና ውኃ እያመላለሰ የሚሸጥ የነገሌ ነጋዴ፣ የእናቷ ሱቅ ጎረቤት ነው።

«ከአቶ ቦሩ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ተጣልተናል! ምን እዋሻለሁ? ‹ቦቴህን ይዘህ ጥፋ፣ በዚህ ቀን ውኃ አይሸጥም› አለኝ። ዝናቡን እኔ ነኝ እንዴ ያስቀረሁት? ደግሞ እሱ ማን ነው? ‹ቦሩ ቧንቧ› አይደል ሰው የሚለው! የዚህን ኤላ ውኃ በቧንቧ ለከተማ ሊወስደው ነው እየተባለ አገር ሙሉ ያወራል።»

«ማታ የት ነበርክ?»

«ጎማዬ ፈንድቶ ስታገል አመሸሁ። መግሪብ ሰግጄ ቦቴው ውስጥ ተኛሁ። ወላሂ! የጫንኩት ውኃም ያው፣ ጠብ አላለም። ነይ እይው።»

ይህን እያለ በአቋራጭ ወደ ቦቴው ሊሄድ ከነሰንደሉ ቁልቁለቱን ሲረግጥ ከበሩ ድምፅ አንባረቀ። «ጫማ! ጫማህን!» አብዱላሂ ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ።

ሁለተኛው ከሟቹ ጋር የመጣው የውኃ ቴክኒሻን ወንዶሰን ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ትናንት ምን ስትለካ ነው የዋልከው?»

«የገንዳውን ዙሪያ። በሲሚንቶ ሊታደስ ነው።»

«ለሽማግሌዎቹ ነገራችኋቸው?»

«አቶ ቦሩ ‹ማንም እንዳይሰማ፣ ነገ ሕዝቡ ሲሰበሰብ እኔው ራሴ አበስራለሁ› አሉኝ። ጭብጨባ ይወዱ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ማታ ‹በሩ ድረስ ደርሼ ልምጣ› ብለው ወጡ። እዚያው ያደሩ መስሎኝ ተኛሁ።»

«ስትለካ ጫማ አድርገህ ነበር?»

«ሁለቴ ከነጫማዬ ገባሁ፣ ሁለቴ አባረሩኝ። ዛሬም ባይጮሁብኝ እረሳው ነበር።»

ያባረሩትም ዛሬ የጮሁትም ሦስተኛው ሰው ናቸው፤ አባ ፋይዳ። የመጠጫውን ተራ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ አገር ያለ ተራው የሚጠጣ የለም፤ ተራውንም ከእሳቸው በቀር የሚጠራ የለም።

«አካም ቡልታን፣ እንዴት አደሩ፣ አባ ፋይዳ?» አለች ሸምሳ።

«ናጋ፣ ሰላም ነው» አሉ። ፊታቸው ላይ ግን ናጋ የሚባል ነገር አልነበረም።

«ማታ እዚሁ በሩ ላይ ነበሩ። ምንም አላዩም?»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ ከብቱ ይጠጣ። ሌላውን ከዚያ ጠይቂኝ።»

«ተራውን ሌላ ሰው ቢጠራስ?»

«ምክትሌ ባለፈው ወር ሞተ። ሌላ ቢጠራ አንዱ ጎሣ ‹ቀደምከኝ› ይላል። ያም ክላሽ አለው፣ ይኼም ክላሽ አለው።»

«ያለ ተራ ውኃ ማስቀዳት የሚችል ማን ነው?»

«እኔ።»

«ትናንት ለማን ፈቀዱ?»

አባ ፋይዳ ወደ ከብቱ ዞሩ። «ለማንም» አሉ ቀስ ብለው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አሥራ አራት ላሞች ወድቀው ቀርተዋል። ሸምሳ ሦስቱንም፣ የየጎሣውንም ሽማግሌ በሩ ላይ ሰበሰበች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን መቸኮልም አለባት፣ ማፍሰስም አልተፈቀደላትም።

«አቶ ቦሩ እዚህ ድንጋይ ላይ ነው የወደቁት» አለች። «በእግራቸው አልወረዱም፤ ካልሲያቸው ንጹሕ ነው። ተሸክሞ ያወረዳቸው ሰው አለ።»

«ጫማውን አውልቆ የገባ መስሎኝ» አለ አብዱላሂ።

«ራሱ የሚያወልቅ ሰው ማሰሪያውን ይፈታል፣ ካልሲውንም ያወልቃል። ይህ ጫማ ሳይፈታ ተጎትቶ ነው የወጣው። ሰው በእጁ ላይ ሞቶበት፣ ተሸክሞት ሲወርድ፣ ቆም ብሎ ጫማ የሚያወልቅለት ማን ነው? አንተ አብዱላሂ ለራስህም ትዝ አላለህም። ወንዶሰንም ሁለቴ ተባሯል።»

ወንዶሰን አንገቱን ደፋ።

«የውኃውም ነገር አለ። የሚደብቅ ሰው በሬሳ ላይ ውኃ አያፈስም፤ እንዲነሣለት የሚለምን ሰው ነው የሚያፈሰው። በዚህ ቀን አንድ መቅጃ ሙሉ! አብዱላሂ ቢሆን ከቦቴው ይቀዳ ነበር። ከዚህ ጉድጓድ ያለ ተራ ለመቅዳት እጁ የማይንቀጠቀጥ አንድ ሰው ብቻ አለ።»

ማንም ወደ አባ ፋይዳ ሊያይ አልደፈረም። እሳቸው ራሳቸው ወደ ፊት ወጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልጁ ሲለካ አየሁት። ለቧንቧ ነው አልኩ። ማምሻውን ቦሩን ‹ውኃችንን ለማን ሰጠኸው?› ብዬ ጠየቅሁት። ‹ነገ በሕዝብ ፊት ይሰማሉ› ብሎ ሳቀ። ሳቀብኝ! ገፋሁት። አርባ ዓመት ውኃ የቀዳ ክንድ መሆኑን ረሳሁት። ተሸክሜው ወረድኩ፣ ውኃ አፈሰስኩበት። እንቢ አለኝ፤ አልነሣም አለኝ።»

«ለምን እስካሁን ዝም አሉ?»

«ብናገር ትወስጂኛለሽ። ከወሰድሽኝ ተራውን ማን ይጠራል? ከብቱ እስኪጠጣ ብዬ ነበር። ዝምታዬ ጉድጓዱን እንደሚያዘጋው አላወቅሁም።»

ሸምሳ ከሟቹ ኪስ ያገኘችውን ደብዳቤ አወጣች። ባታነበው በወደደች፤ ግን አባ ፋይዳ ሊሰሙት የሚገባ፣ ለሟቹም የሚገባው እውነት ነው። በኦሮምኛ የተጻፈውን ጮክ ብላ አነበበች። የኤላ ዲማ ውኃ ለዘለቄታው ለከብት ብቻ ይሆናል፤ ገንዳው ይታደሳል፤ ለከተማው ሌላ ጉድጓድ በሌላ ቦታ ይቆፈራል። አቶ ቦሩ ሦስት ዓመት ሙሉ ምክር ቤቱን ነዝንዘው ያገኙት ውሳኔ ነው።

አባ ፋይዳ ተቀመጡ። እንባቸውን ለመደበቅ አልሞከሩም። «ምነው ማታ በነገረኝ!» አሉ። «ምነው አንዲት ቃል!»

ሸምሳ ለአዛዡ ደወለች። አስከሬኑ ወጣ፣ በሩ ተከፈተ። ካቴናውን ይዞ የቀረበውን ፖሊስ በእጇ ገታችው።

«ይነሡ፣ አባ ፋይዳ» አለች። «ተራውን ይጥሩ።»

ተነሥተው ጠሩ። ድምፃቸው አልተሰበረም። ጎሣ በጎሣ፣ ከብቱ እየተንገዳገደ ወረደ፣ ጠጣ፣ ወጣ። አንድም ሰው አልተጋፋም። የሳቸው ተራ ሲደርስ ባለቤታቸው አሥራ አንዱን ላሞች ወደ በሩ አስጠጉ። አባ ፋይዳ ቀጣዩን ጎሣ ጠሩ።

«የእኛስ?» አሉ ባለቤታቸው።

«እዚህ ደም ያፈሰሰ ሰው ከብት ከዚህ አይጠጣም። መልሻቸው።»

«አባ ፋይዳ፣ ላሞቹ ምን አጠፉ?» አለች ሸምሳ።

አልመለሱላትም። ላሞቹ ውኃው ሸትቷቸው አንመለስም አሉ። ሴትዮዋ እያለቀሱ በዱላ መቷቸው። አንዲቱ እዚያው በሩ ላይ ተንበረከከች፤ ቀጣዩ መንጋ በጎኗ አለፈ።

አባ ፋይዳ የመጨረሻውን ጎሣ ጠርተው እጃቸውን ለካቴናው ሲዘረጉ፣ ገንዳው ውስጥ ገና ውኃ ነበር።