ማርሚታውን በፈታንበት ቀን

እናቴ ትሙት፣ ይሄ የሆነ ነገር ነው።

እዚህ ቻናል ላይ ብዙ ታሪክ ይለቀቃል፣ ግማሹን እኔ ራሴ አላምነውም። ይሄን ግን ማንም አላወራልኝም... ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ ምናምን... የለም። ቀን ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል። አናት የሚበሳ ፀሐይ።

ቦታው የአጎቴ ጋራዥ ነው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። አንድ ግቢ፣ አንድ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከጣራው ስር በሲሚንቶ የተሠራ ጠባብ ጉድጓድ። መኪናው ጉድጓዱ ላይ ይቆማል፣ እኔ ከስር ገብቼ እሠራለሁ። አጎቴ ቦርጩ ስለማያስገባው አንድም ቀን ወርዶ አያውቅም። እኔን ግን "ፍልፈል" ይለኛል። ከመሬት በታች ስለምውል።

መውጫው አንዲት ደረጃ ብቻ ናት። በፊት በኩል፣ ልክ የመኪናው ሞተር ስር።

ይቺን ያዙልኝ።

የዛን ቀን የመጣው አሮጌ ፒካፕ ነው። ገና መንገድ ላይ እያለ ነው የሰማነው። የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ተበሳስቶ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው።

ከውስጥ ጠና ያሉ እናት ወረዱ። ጥቁር ለብሰዋል።

"የባለቤቴ ነው" አሉ። "እሱ ካረፈ ጀምሮ ቆሞ ነበር። ከሞተሩ እስከ ጭስ ማውጫው ሙሉውን ቱቦ ቀይሩልኝ። ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል... እሱንም እኮ..."

ሳይጨርሱት ተዉት።

"ነፍስ ይማር" አለ አጎቴ። "አይዞዎት እትዬ። ከዚህ ሲወጣ እንደ ድመት ነው የሚሄደው፣ ኮቴው አይሰማም።"

ቁልፉን ሰጡትና ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ። በመስኮቱ የሹፌሩን ወንበር አዩት። ባዶ ነው።

"ቆይ፣ መጣሁ" አሉ።

ቀስ ብለው። ለእኛ አይደለም።

እኔና አጎቴ ተያየን።

"ሐዘን ነው፣ ተዋቸው" አለኝ በሹክሹክታ። "አንተስ ከብሎን ጋር ስትሰዳደብ ትውል የለ?"

ሳቅንና ወደ ሥራችን ገባን።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ የኋላው አይገባችሁም። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መጮህ ዋጋ የለውም። በተለይ ማርሚታው የተበሳ መኪና ስር ማን ይሰማሃል? ስለዚህ በማንኳኳት ነው የምንግባባው። እኔ ከስር በመፍቻ አንዴ ከመታሁ "አስነሳ" ነው። ሁለቴ "አጥፋ"። ሦስቴ "ልወጣ ነው፣ ምንም እንዳትነካ"። የሰማው ሰው መስማቱን ለማሳወቅ ያንኑ መልሶ ይመታል። ከመልመዴ ብዛት ቤት ውስጥ በር ሲንኳኳ እንኳ ሳላስበው ጠረጴዛውን መልሼ እመታለሁ። እህቴ በዚህ ስትስቅብኝ ነው የምትውለው።

መጀመሪያ የት የት እንደሚያፈስ ለማየት ወረድኩ። አጎቴ ጋቢና ገባ።

አንዴ መታሁ። አንዴ መለሰ፣ አስነሳው። ቱቦው በየቀዳዳው ያፏጫል፣ ዝገቱ ፊቴ ላይ ይረግፋል። ሁለቴ መታሁ። ሁለቴ መለሰ፣ አጠፋው።

እስከዚህ ሰላም ነው።

ከዛ አጎቴ ባትሪውን ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። በኋላ ብየዳ ስላለ ነው፣ እኛ ጋር ባትሪ ሳይወጣ አይበየድም። የመኪናውን ቁልፍ ደግሞ ለእኔ አቀበለኝ። ማንም ረስቶ እንዳያስነሳበት ቁልፉ ሁሌም ከስር ያለው ሰው ኪስ ነው የሚገባው።

አሮጌውን ማርሚታ ከፊትም ከኋላም በመጋዝ ቆርጬ አወረድኩት። አጎቴ ተቀብሎኝ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ፀሐዩን አየ።

"ይሄ ማርሚታ ነው ወንፊት?"

ግቢው ጥግ ካለው የብረት ክምር ላይ ወረወረው።

"ፍልፈል! ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ ፍታና ጠብቀኝ። መገጣጠሚያው ላይ የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮን፣ አልቋል፣ ከሱቅ ይዤ ልምጣ።"

"ውሃም ያዝልኝ ጋሼ!"

የጫማው ድምፅ ራቀ። የግቢው በር ተዘጋ።

ብቻዬን ቀረሁ።

ብሎኖቹ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ስታገል፣ ስሰዳደብ... የመጨረሻዋ እሺ አለችኝ። ቱቦውን አወረድኩት። የሞተሩ የጭስ አፍ አሁን ክፍት ነው። ልክ ከደረጃው በላይ።

ያኔ ነው መኪናው ዝቅ ያለው።

ትንሽ። በሹፌሩ በኩል። ሰው ሲገባበት እንደሚለው።

ግን በር ሲከፈት አልሰማሁም።

"ጋሼ?"

"ቶሎ መጣህ እኮ።"

ወንበሩ ሲጥ... ሲጥ አለ። የሆነ ሰው እየተመቻቸ ነው። ቀጥሎ ሳል። ደረቅ፣ አጭር።

አጎቴ ሳል የለበትም።

"እትዬ... እርስዎ ነዎት?"

ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ...

ከዛ ተንኳኳ።

አንዴ። በጋቢናው ወለል። ከአናቴ በላይ።

እጄ እኔን አላስፈቀደኝም። በመፍቻው መልሳ መታች። አንዴ።

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ከመታሁ በኋላ ነው።

አንዴ ማለት "አስነሳ" ነው።

ሞተሩ ተነሳ።

ወገኖቼ፣ ያን ጩኸት እንዴት ብዬ ልጻፈው? ማርሚታ የለ፣ ቱቦ የለ... በባዶ አፉ ነው የሚያጓራው። ጭሱ ግልብጥ ብሎ ደረጃው ላይ ወረደ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ቁልፉ እዛው ነው።

ሁለቴ መታሁ። አጥፋ!

ከላይ ሁለቴ መለሰልኝ።

ግን አላጠፋም።

ደግሜ መታሁ። ሁለቴ መለሰ። ረጋ ብሎ። ከዛ ነዳጅ ረገጠበት።

ዓይኔ ነደደ። እያሳለኝ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። እዚሁ ሊገለኝ ነው አልኩ። ቀን በቀን፣ ፀሐይ እያየችኝ።

በጎማውና በጉድጓዱ አፍ መሐል ጫማ አየሁ። የአጎቴ ጫማ! ጎንበስ ብሎ ፊቱን አስገባ። ሞተሩ ያን ጊዜ ዝግ አለ... የምንለውን ሊሰማ የፈለገ ይመስል።

"ማን አስነሳው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"እኔ እንጃ!"

"ባትሪው እኮ... ይኸው እግሬ ስር ነው።"

ቀና ብሎ ወደ ጋቢናው አየ። ፊቱ አመድ ሆነ።

"ጋሼ፣ ማን ነው?"

"አትጠይቀኝ።"

"ማን አለ ውስጥ?!"

"ዝም ብለህ ወደ ደረጃው ና። ወደ ላይ እንዳታይ።"

"ጭሱ ነው... አልችልም..."

"ሸሚዝህን አፍህ ላይ አድርግ። ና፣ የኔ ልጅ። ና።"

የኔ ልጅ ብሎኝ አያውቅም። ከሁሉም በላይ እሷ ናት ወገቤን የቆረጠችኝ።

በአራት እግሬ እየዳህኩ ወደ ጭሱ ገባሁ። ምንም አይታይም። አናቴ ከሞተሩ ስር ሲደርስ ሌላ ያለኝ ነገር አልነበረም... መፍቻውን አነሳሁና ሦስቴ መታሁ።

ልወጣ ነው። እንዳትነካ።

ሞተሩ ቀጥ አለ።

ጆሮዬ ጭው ብሏል። ጭሱ ውስጥ የአጎቴ እጅ አንገትጌዬን ጨበጠኝ።

ከዛ ከላይ...

አንድ።

ሁለት።

ሦስት።

የሰማኝ መስሎኝ ነበር። የበሩ እጀታ ቀጭ ሲል ነው የገባኝ። እሱም ልወጣ ነው ማለቱ ነው።

አጎቴ እንደ ጆንያ ጎትቶ አወጣኝ። ጉልበቴ ተላጠ፣ አንድ ጫማዬ ደረጃው ላይ ቀረ። ግቢው መሐል ፀሐዩ ላይ ወደቅን። ጀርባዬን እየደበደበ "አለህ? አንተ፣ አለህ?" ይለኛል። ጥቁር ምራቅ እየተፋሁ "አለሁ ጋሼ፣ አለሁ" እላለሁ። ሁለታችንም እያለቀስን ነው መሰለኝ።

ወደ መኪናው አየን።

የሹፌሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩ ባዶ ነው።

"ምን አየህ?" አልኩት።

"ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር" አለ። "በኋላ ማያ መስታወቱ ግን... እኔን ነበር የሚያየው።"

ሌላ ልጠይቀው አፌን ስከፍት አጎቴ እጄን ያዘኝ። አጥብቆ።

"ይሸትሃል?"

ሸተተኝ። ጭስ። ትኩስ ጭስ። ሞተሩ ግን ጠፍቷል፣ ከጣራው ስር ያለውም በንፋስ ሄዷል። ሽታው የሚመጣው ከኋላችን ነው።

ቀስ ብለን ዞርን።

የብረት ክምሩ ላይ ያ አሮጌ ማርሚታ ተጋድሟል። ከፊትም ከኋላም ተቆርጦ፣ ከምንም ጋር ሳይገናኝ።

ከተቆረጠው አፉ ቀጭን ጭስ ይወጣል...

ያቆማል...

ከዛ ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል።