የሺዋስ የተጠራበት ቀትር

ይህን ታሪክ ከሰው አልሰማሁትም። በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁት ነው።

ማመን የማይፈልግ አይመን። እኔም በሌላ ሰው ላይ ደርሶ ቢነግሩኝ ስቄ አልፈው ነበር።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ክፉ ነገር ጨለማ ጠብቆ የሚመጣ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ቀትር ነበር... ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ነሐሴ 2011 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍልሰታ ተይዞ።

የነሐሴን ጉም የማርቆስ ሰው ያውቀዋል። አንዳንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ይተኛና ጎረቤትን ከነአጥሩ ይሰውራል። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር።

ወንጌላዊት እባላለሁ። አባታችን በልጅነታችን ስላረፈ ቤታችን ውስጥ ያለነው እናቴ ታየች፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ የሺዋስ ነበርን። የሺዋስ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ከመንገድ ዳር ባለው ክፍላችን ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰፈሩ ወጣት ኳስ እየተጫወተ ይንጫጫል። እኔ በጩኸታቸው እማረራለሁ፣ እማዬ ግን የሱ ድምፅ ከውስጡ ከተሰማት ይበቃታል። ነፍሷ እሱ ነው። አልቀናባትም፣ የኔም ነፍስ እሱ ነበር።

ፍልሰታ ሲገባ እማዬ፣ "በእመቤቴ ጾም ጌም የሚባል ነገር ቤቴ ውስጥ አይጮህም" አለች። የሺዋስም አልተከራከረም። ወደ መንገድ የሚከፈተውን የላሜራ በር ከውስጥ ቀረቀረው።

ግን ያን ቀን ጠዋት ጓደኛው ዘማርያም ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ሲዲ ይዞለት መጣ።

ጌሙን በልጅነታችን እናውቀዋለን። ጃፓኖች የሠሩት ነው። አንድ ሰው ተራራ ላይ ባለ የተዘጋ ሆስፒታል ውስጥ የጠፋ ወንድሙን ይፈልጋል። አንዲት ሴት ደግሞ ከኋላው ትከተለዋለች። ያኔ፣ በአሮጌው ፕሌስቴሽን፣ ሰዎቹ ከካርቶን የተቆረጡ ይመስሉ ነበር። እንደዚያም ሆነው የሺዋስ ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ አቅቶት እኔ ነበርኩ የምሸኘው። አሁን ጃፓኖቹ እንደ አዲስ ሠርተውታል አለን ዘማርያም። ሰው ሰው ይመስላል፣ ትንፋሹ ሳይቀር ይሰማል።

በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው በቀትር ነው። ከተማው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። እኔም ከእማዬ ጋር ሄጄ ነበር። ቅዳሴው ሊገባ ሲል እማዬ ዞር ዞር ብላ የሺዋስን አጣችው።

"ሂጂና ያንን ልጅ ይዘሽልኝ ነይ" አለችኝ።

ተመለስኩ። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳን አልነበረም። በጓሮ በር ገብቼ የጌም ቤቱን ክፍል ስከፍት ጨለማ ነው፣ ቲቪው ብቻ ይበራል።

"የሺ! በጾም?"

"ድምፁን ቀንሼዋለሁ እኮ" አለ ሳይዞር። "ትንሽ ታገሽኝ። ማረፊያ ክፍሉ ጋ ልድረስና የደረስኩበትን ሴቭ አድርጌ አብረን እንወጣለን።"

ከኋላው ቆምኩ። ቲቪው ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ስም ተጽፏል። የማላውቀው ስም ነው።

"ይሄ ማን ነው?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የክርስትና ስሜ ነው" አለኝ።

ክው አልኩ።

የክርስትና ስም በእኛ ቤት በዋዛ የሚነገር ነገር አይደለም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ይሠራበታል ይባላል። እማዬ የኔን ለኔ ብቻ፣ የሱንም ለሱ ብቻ ነበር በጆሯችን የነገረችን። የገዛ ወንድሜን ስም ያን ቀን ነው ያየሁት። እዚህም አልጽፈውም፣ እባካችሁ በኮሜንት አትጠይቁኝ።

"አብደሃል? ለጌም?"

"ምን ላድርግ! ስም ካልጻፍኩ አያስጀምረኝም። የሺዋስ ብዬ ጻፍኩ፣ ተይዟል አለኝ። ያንቺን ሞከርኩ፣ ተይዟል። የዘማርያምንም ተይዟል። ይሄን ብቻ ተቀበለኝ። ደግሞ ለማሽን ነው ወንጌል፣ ማሽን መተት አይሠራም።"

ሲዲው ገና ጠዋት የመጣ ነው። ስማችንን ማን ያዘው?

ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቲቪው ውስጥ ያለው ሰውዬ አሳለ።

ቀጥሎ የሺዋስ አሳለ።

የሺዋስ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ነበር። አጋጣሚ ነው አልኩ። ሰውየው በረጅሙ ኮሪደር ይሄዳል። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ሲረግጠው ይንቋቋል። ከኋላ የሴትዮዋ ቀሚስ መሬት ሲጎትት ይሰማል።

እንደገና አሳለ... ሰውየው። ወዲያው የሺዋስም አሳለ።

"የሺ... ሰማኸው?"

"ሰማሁት።"

"አጥፋው።"

"አሁን ካጠፋሁት ከመጀመሪያው ልጀምር ነው እኮ። ይኸው ደረስኩ።"

ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። ፈርቷል። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ሲፈራ ጆሮው ይቀላል።

ሰውየው አንድ በር ከፍቶ ገባ። ትንሽ ክፍል፣ አልጋ፣ መብራት፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ። የሺዋስ በረጅሙ ተነፈሰ። ጆይስቲኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"እዚህ ምንም አይገባም" አለኝ። "ከድሮም ጀምሮ ሕጉ ነው። ሴትዮዋ እዚህ ክፍል መግባት አትችልም።"

ያኔ ቲቪው ውስጥ ስልክ ጠራ።

አልጋው አጠገብ ጥቁር ስልክ አለ።

"ስልክ ነበረው እንዴ?" አልኩት።

"በድሮው... አልነበረም።"

ማንም አላነሳውም። የሺዋስ ምንም አልነካም። ጥሪው ግን ቆመ፣ መስመሩም ተከፈተ። ከዚያ በእማዬ ድምፅ... በገዛ እናታችን ድምፅ... የክርስትና ስሙ ተጠራ።

አንድ ጊዜ።

አግዳሚው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

አሁን የማስረዳችሁን ልብ በሉ። እማዬ ያሳደገችን በአንድ ሕግ ነው። በቀትር ስማችሁ ሲጠራ ቶሎ አቤት አትበሉ ትለን ነበር። አንዴ ቢጠራ ዝም፣ ሁለቴ ቢጠራ ዝም። ሦስተኛ ከተጠራ ሰው ነው፣ ክፉው መንፈስ ሥላሴን ስለሚፈራ ሦስት አይሞላም። ወንዝ ስንወርድ፣ እንጨት ስንለቅም፣ ይህን ሕግ አፍርሰን አናውቅም።

የሺዋስ አየኝ። ከንፈሩን ነክሷል።

ሁለተኛ ተጠራ።

"የእማዬ ድምፅ ነው" አለ በሹክሹክታ።

"እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት። አሁን ትቻት መጣሁ።"

"ታዲያ ይሄ..."

"ዝም በል። ዝም በል የኔ ወንድም።"

እጁን ያዝኩት። በረዶ ሆኗል። ሦስተኛውን እንዳንሰማ እየጸለይኩ ቲቪው ላይ አፈጠጥኩ።

ድርግም!

መብራት ሄደ። የሰፈሩ ሁሉ ሄደ፣ የጎረቤት ፍሪጅ ሲያጓራ የነበረው ሳይቀር ዝም አለ። በሕይወቴ መብራት በመሄዱ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። "ተመስገን፣ ተመስገን" አልኩ። ሁለት ጊዜ ጠርቶ ቀረ። ሦስት መሙላት አልቻለም።

ከዚያ የላሜራው በር ተንኳኳ።

"..." ብላ ጠራችው እማዬ፣ በዚያው በክርስትና ስሙ። ድምፁ ከስፒከር አልወጣም። ከውጭ ነው፣ ከደጃችን። ዳገቱን ተጣድፋ እንደመጣች ሁሉ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

የሺዋስ ሳቀ። እፎይ ብሎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ሳቀ።

"ሦስተኛ ነው" አለኝ። "ራሷ ናት፣ መጥታለች።"

እኔም አመንኩ። ሦስት ተሞላ፣ ሰው ነው። የሚያስፈራ ነገር ሁሉ ያለቀ መሰለኝ።

"አቤት!" አለ ወንድሜ።

ተነሥቶ መቀርቀሪያውን ሳበና በሩን ከፈተው። ጉሙ ነጭ ሆኖ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰው የለም። የሺዋስ ግን የሚያውቀውን ሰው ያየ ይመስል ፈገግ ብሎ ወጣ።

"የሺ... ቆይ!"

እግሩ ሲራመድ ሰማሁ። ነሐሴ ነው፣ ደጃችን ጭቃ ነው። የሰማሁት ግን ጣውላ ሲንቋቋ ነው... ቋ... ቋ... ቋ። ቀጥሎ በር ገጭ ብሎ ተዘጋ። የእኛ በር ፊቴ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው።

ሮጬ ወጣሁ። ስሙን እየጠራሁ መንገዱን ወጣሁት፣ ወረድኩት። ጭቃው ላይ ከእኔ ዱካ በስተቀር ምንም አልነበረም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እማዬ ትቻት ከሄድኩበት ቦታ ንቅንቅ አላለችም።

"እማዬ... ቤት መጥተሽ ነበር?"

"ቅዳሴ ጥዬ ወዴት እሄዳለሁ?" አለች። ከዚያ ፊቴን አየችው። "ልጄስ?"

እጇን ይዤ ወደ ቤት ጎተትኳት።

ስንመለስ መብራት መጥቶ ነበር። ቲቪው ማንም ሳይነካው በርቷል። ማረፊያ ክፍሉ እንዳለ ነው፣ አልጋው፣ ስልኩ፣ ሙዚቃው። ሰውየው ግን የለም። ጆይስቲኩን አንስቼ ሁሉንም ቁልፍ ተጫንኩ። እያለቀስኩ ተጫንኩ። አልጋው ላይ ያለው አንሶላ ብቻ፣ አሁን ሰው እንደተነሣበት ሁሉ፣ ተጨማዶ ነበር።

ፖሊስ ፈለገው። ዘመድ እስከ አምበር፣ እስከ ደብረ ኤልያስ ወረደ። በየጠበሉ ጠየቅን። ዘማርያም ሲዲውን ከየት እንደገዛው ሊያሳየን አዲስ አበባ ድረስ ወሰደን፣ ሱቁ የተባለው ቦታ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ነው። ሠራተኞቹ ከድሮም ዳቦ ቤት ነበር አሉን።

እማዬ አላለቀሰችም። ይህ ነበር ይበልጥ የሚያስፈራኝ። አንድ ቀን አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ "በስሙ ነው የጠራው?" አለችኝ።

"አዎ እማዬ።"

"በኔ ድምፅ?"

"በአንቺ ድምፅ።"

"ሦስት ጊዜ?"

"ሦስት ጊዜ።"

ያስተማረችን ሕግ ልጇን እንደበላው ገብቷታል። አንገቷን ደፋች።

"እንግዲያው ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ" አለች በመጨረሻ። "እኔም እጠራዋለሁ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀትሩ ከተቀረቀረው የላሜራ በር ፊት ለፊት ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ትጠራዋለች። ታዳምጣለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ጾሙ ተፈታ፣ ነሐሴ አለቀ፣ ማንም አልመለሰላትም። ተስፋ እንድትቆርጥም፣ እንዳትቆርጥም እፈልግ ነበር።

ጳጉሜ ውስጥ፣ ዝናብ በሚያካፋበት ቀትር፣ ሦስተኛውን ጠርታ ማዳመጥ ጀመረች።

"አቤት" አለ ከውጭ።

የሺዋስ ነው። ድምፁ ደክሟል፣ ብርድ አንቀጥቅጦታል። ቀጥሎም አሳለ።

እማዬ ዘላ ተነሣች። ያን ሁሉ ቀን ያመቀችው እንባ ዱብ ዱብ አለ። ወገቧን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት።

"እማዬ አትክፈቺ!"

"ልጄ ነው!"

"ልጅሽ ከሆነ ለምን በጓሮ አይገባም? የጓሮው በር ክፍት ነው። ያውቀዋል።"

ቆም አለች። ሁለታችንም አዳመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ከበሩ ጀርባ አንድ ሰው በአፍንጫው ይተነፍሳል...

ከዚያ ወንድሜ ጠራ። እማዬን አልነበረም። እኔን ነው።

በክርስትና ስሜ።

እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። ፊቷ አመድ ሆነ። "ነግረሽው ነበር?" አለች በሹክሹክታ።

"በፍጹም።"

ሁለተኛ ጠራኝ። ለስለስ አድርጎ፣ ልጅ ሆኖ ሽንት ቤት እንድሸኘው ሲለምነኝ እንደነበረው። ብርድ ላይ ቆሞ የሚጠራኝ ወንድሜ ነው። አቤት ማለት ምላሴ ላይ መጣ። ሳልፈልግ መጣ፣ አፌ በራሱ ሲከፈት ተሰማኝ።

ሦስተኛ ጠራኝ።

እማዬ በአንድ እጇ አፌን ግጥም አድርጋ ያዘችው። አጥብቃ፣ ጥርሴ ከንፈሬን እስኪቆርጠው ድረስ ያዘችው።

በሌላው እጇ መቀርቀሪያውን ትስብ ነበር።