አርባው ሰማንያውን በላው

መስከረምን የደፈራት ሰው ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። ስህተቱ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ፣ የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሞት ጭምር፣ ከዚህ የመጣ ነው።

ፍርዱ በተሰማ ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ ሴቶች አደባባይ ወጡ። ቡሬ ላይ ባጃጆች ግማሽ ቀን ቆሙ። አንዲት ተማሪ «በሬ ለሰረቀ ስንት ነበር?» ብላ የጻፈችበት ካርቶን ፎቶው በየስልኩ ዞረ። የፍርድ ወረቀቱ ግን ማቅለያዎቹን በሥርዓት ዘርዝሯል። ተከሳሹ ናሁሰናይ የቀድሞ ጥፋት የለበትም። ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰቦች አስታርቀዋል። ልጅቷም በክርስትና ምስክር ወረቀቷ መሠረት ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል።

መስከረም ያን ቀን አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ። ይግባኙ የቆመው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ የጥምቀት መዝገቡን በሚጠብቁት በመሪጌታ ላይ። በሐምሌ፣ በዕለተ ዓርብ፣ መዝገቡን ይዘው ችሎት ሊቀርቡ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት፣ ከጅጋ ወጣ ብላ ባለችው ደብራቸው፣ ከዕቃ ቤቱ የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ።

ኢንስፔክተር ትሕትና ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ ሬሳው ላይ ጋቢ ተጥሎበት ነበር። ዝናቡ ጋቢውን አጣብቆት የአፍንጫቸው ቅርጽ ሳይቀር ይታያል።

«ወይ ወድቀዋል ወይ ተገፍተዋል» አለ ሳጅን ያህያ። ሁለቱ አራት ዓመት አብረው ስለሠሩ ማዕረግ ትዝ የሚላቸው አለቃ ሲኖር ብቻ ነው። «ያም ሆነ ይህ ሰውየውን ይዘነዋል።»

«ማንን?»

«ዘሩን፣ የልጅቷን አባት። የሐሰቱ ወረቀት ላይ ያረፈው ማኅተም የመሪጌታ ነው። እሑድ ሰንበቴ ላይ በሕዝብ ፊት ጮኾባቸዋል።»

«እና ሊመሰክሩለት ሦስት ቀን ሲቀራቸው ገደላቸው?»

«ሰው ሲናደድ ቀን ይቆጥራል እንዴ?»

ትሕትና ደረጃውን ወጣች። ዕቃ ቤቱ ውስጥ መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። የመሪጌታ መነጽር መዝገቡ ላይ ነው፤ መቋሚያቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ያለ መቋሚያ ደረጃ ይወርዱ ነበር?» ብላ የደብሩን ዘበኛ ጠየቀች።

«ኧረ የት! ያለ መቋሚያ ከደጃፍም አይወጡ። ዓይናቸውም ደክሟል።»

«እንግዲያው መውረድ አልፈለጉም። አንድ ሰው የሆነ ነገር ነጥቋቸው ሲወጣ ነው የተከተሉት።»

የተነጠቀው አንድ ገጽ ነበር። ከጠርዙ ተቀድዶ ክሩ ብቻ ቀርቷል። ከእሱ በፊት ያለው ገጽ ታኅሣሥ 9 ቀን 1998 ላይ ያበቃል፤ የሚቀጥለው ከጥር 2 ይጀምራል። ትሕትና ገጾቹን ሦስት ዓመት ወደፊት ገለጠች። «እህተ ማርያም፣ አባት ዘሩ፣ ተወለደች መስከረም 3 ቀን 2001፣ ተጠመቀች ኅዳር 22።» መስከረም በክርስትና ስሟ፣ ንጹሕ ገጽ ላይ ተቀምጣለች። ማንም አልነካትም።

«ያህያ፣ ለማንም የምንናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመዝገቡ አንድ ገጽ ተቀድዷል እንላለን። የትኛው እንደሆነ አንናገርም።»

ዘሩ በጣቢያው አግዳሚ ላይ በባዶ እግሩ ተቀምጦ ነበር። ስለ ገጹ ስትነግረው ብድግ አለ።

«የልጄን ነዋ! እሷኑ ቀደዱብኝ? እኔ ያችን ገጽ አንገቴ ላይ ባስራት ደስ ባለኝ፤ እኔ ልቅደዳት?»

«እሑድ ምን ተባባላችሁ፣ ጋሽ ዘሩ?»

«‹ማኅተምዎ ልጄን ሁለተኛ ገደላት› አልኋቸዋ። አልክድም። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ‹ታገሥ ዘሩ። አርባው ሰማንያውን በላው። ዓርብ ለዳኛው እፈታዋለሁ› አሉኝ።»

«ምን ማለታቸው ነው?»

«ቅኔ ነዋ። እኔ ገበሬ ነኝ፣ ልጄ። አያ ገነነን ብጠይቀው እሱም አልገባኝም አለ።»

አያ ገነነ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው።

የናሁሰናይ እህት ሠርክአዲስ እሑድ ሰንበቴው ላይ ነበረች፤ ከገነነ ልጅ ጋር ሠርግ ስለተቆረጠላት ለእንግድነት መጥታ ነው። ትሕትና ቡሬ ድረስ ሄዳ ልብስ መስፊያ ቤቷ ውስጥ አገኘቻት። ሠርክአዲስ መኪናውን መምታት አላቆመችም።

«ቅኔው ለኔ ነበር» አለች። «ሰማንያ ልፈራረም ነው፤ አርባ ደግሞ ተዝካር ነው። ሰው ይሞታል፣ ጋብቻሽ ይፈርሳል ማለታቸው ነው። ይኸው ሞቱ። ይኸው ሠርጉም ሊፈርስ ነው።»

«ከመዝገቡ አንድ ገጽ ተቀድዷል።»

«የልጅቷ? አሃ! ልትለጥፉብን ነዋ! ወንድሜ እስር ቤት ነው። እኔ ማክሰኞ ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ነበርኩ፤ ከፈለግሽ ሰፈሩን ጠይቂ።»

«ያንን የክርስትና ወረቀት ለወንድምሽ ጠበቃ ማን ሰጠው?»

«አልጠየቅኩም። አንቺ ወንድምሽ ቢሆን ትጠይቂ ነበር?»

«አዎ» አለች ትሕትና።

መኪናው ቆመ። ሠርክአዲስ የተጣመመውን ስፌት አይታ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

የዘሩ ሚስት አቻምየለሽ እንግዶቿን ቆማ ነው ያስተናገደችው። መስከረም በበሩ አጠገብ ደብተር ትሸፍናለች፤ ከዓመት በላይ ትምህርት ቤት ባትሄድም።

«ልጆቼን የወለድኩበትን ቀን ልርሳ?» አለች እናቲቱ። «አንዷለምን የቁስቋም ዕለት። እሷን ከእንቁጣጣሽ በሦስተኛው ቀን። ይህንኑ ልናገር ብሄድ፣ ምስክር ነሽ ብለው ከችሎት ውጭ አስቀመጡኝ። ቀኑን ሳይጠይቁኝ ወደ ቤትሽ አሉኝ።»

«ኅዳር ተወለድሽ አሉኝ» አለች መስከረም ቀና ሳትል። «ስሜ መስከረም ነው። አንድም ሰው አልሳቀም።»

ገነነ የእህል ነጋዴና የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ነው። በእርቁ ወረቀት ላይ ስለ ልጅቷ ቤተሰብ ሆኖ የፈረመውም እሱ ነው። ጅጋ ካለው መጋዘኑ ደጃፍ ወንበር አውጥቶ ተቀበላቸው።

«ልጄ፣ ወንድሜ ሰው አይገድልም» አለ። «ግን የተናደደ ሰው ምን አይሠራም። እኔ'ኮ የታረቅነውም ደም እንዳንቃባ ብዬ ነው። ልጆቹን የምወዳቸው እንደራሴ ነው። አንዷለምን ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያስተማርኩት ከዚህ ቤት አስቀምጬ ነው።»

«ከመዝገቡ አንድ ገጽ ተቀድዷል።»

«አየ ጉድ! ግን የመስከረም ገጽ እስካለ ድረስ ምን ቸገራችሁ? እሱን ለዳኛው አቅርቡት።»

«ማክሰኞ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ ከመጋዘኔ አልወጣሁም።»

ትሕትና አመስግናው ወደ መኪናው ተመለሰች። ያህያ ሞተሩን አላስነሳም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «አርባና ሰማንያ ለእኔ አርባና ሰማንያ ነው። እናንተ አርባን ለሙት ብቻ ነው የምትቆጥሩት?»

«ለሕፃንም እንቆጥራለን። ወንድ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፣ ሴት በሰማ...»

አፏን ሳትዘጋ ከቦርሳዋ የሐሰቱን ወረቀት ቅጂ አወጣች። ተወለደች፣ ኅዳር 6 ቀን 1998። ተጠመቀች፣ ታኅሣሥ 15። በጣቶቿ ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«አርባ!» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ደስታ አልነበረም። «መስከረም የተጠመቀችው በወንድ ቀን ነው። ይህን ወረቀት ሦስት ዳኞች አይተውታል። ዐቃቤ ሕጉ አይቶታል፣ ጠበቃው አይቶታል፣ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አይቸዋለሁ። ሁላችንም ከተወለድን ጀምሮ የምናውቀውን ነገር አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ አልቆጠረም!»

ከገነነ መጋዘን ፊት ለፊት አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ ራጂያ ጥያቄውን ሳትጨርስላት መለሰች።

«አስታውሳለሁ፤ አምና ነው። ጋሽ ገነነ የአንድ ልጅ የክርስትና ወረቀት አምጥተው ‹ስሙ ላይ ብጣሽ ወረቀት ደርቢና ኮፒ አድርጊልኝ› አሉኝ። ማኅተሙንም ሸፈንኩ። የትምህርት ቤት ፎርም ናሙና ነው ብለውኛል።»

«ማክሰኞ ጠዋት መጋዘኑ ክፍት ነበር?»

«ዝግ ነበር። አንድ ገበሬ ጆንያ ይዞ ‹የት ሄዱ?› እያለ እኔን ሲያደርቀኝ ነው ያረፈደው።»

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉንም በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ዘሩ በሁለት ፖሊስ መሀል ተቀምጧል። አቻምየለሽ፣ መስከረምና ታላቅ ወንድሟ አንዷለም በአንድ አግዳሚ ላይ ናቸው። ሠርክአዲስ ብቻዋን ነች። ገነነ ካስታረቁት ሽማግሌዎች ጋር ከፊት ተቀምጧል። የአዳራሹ የእንጨት በር በክረምቱ አብጦ አይገጥምም፤ የገባ ሁሉ ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ ብርዱ እግራቸው ሥር ይገባል።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አለች ትሕትና ወረቀቱን ከፍ አድርጋ። «ይህ ኅዳር 6 ተወለደች፣ ታኅሣሥ 15 ተጠመቀች ይላል። ቁጠሩ።»

ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ቀድማ የጨረሰችው አቻምየለሽ ናት።

«አርባ? ሴት ልጅ ምነው በአርባ... ኅዳር 6 ቁስቋም አይደል እንዴ! ይሄ የአንዷለም ነው!»

«የኔ?» አለ አንዷለም። «የኔ ወረቀትማ አያ ገነነ ቤት ነው የቀረው። ለትምህርት ቤት ብሎ ተቀብሎኝ አልመለሰልኝም።»

ገነነ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ልጆች ሲያድጉ ስንት ወረቀት ይጠፋል።»

«ይህ አልጠፋም። ስሙን ሸፍነው ራጂያ ጋ ኮፒ አስደረጉት። የመስከረምን ስም ጻፉበት። ከዚያ ዓይናቸው ለደከመ መሪጌታ አቀረቡላቸው። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ያመጣውን ወረቀት ለምን ያነቡታል? ማኅተሙን አሳረፉበት። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ሲጠይቃቸው ግን መነጽር አድርገው አነበቡ፤ ቆጠሩም። እሑድ የተናገሩትም ይህንኑ ነው። የወንዱ አርባ የሴቲቱን ሰማንያ በላው። ሠርክአዲስ ጋብቻዋን ሰማች። ዘሩ ምንም አልሰማም። ወርቁ የገባው ወረቀቱን የሠራው ሰው ብቻ ነው።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ገነነ።

«የተቀደደው ገጽ የታኅሣሥ 1998 ነው። አንዷለም የተጠመቀበት ማለት ነው። የናሁሰናይ ወገን ቢሆን የሚቀድደው የመስከረምን ነበር። የአንዷለም ገጽ ቢጠፋ የሚጠቅመው ወረቀቱ ከየት እንደተሠራ እንዳይታወቅ የሚፈልገውን ብቻ ነው። አሁን አንድ ጥያቄ። ለሁላችሁም አንድ ገጽ ተቀድዷል አልኋችሁ። ዘሩ ‹የልጄን› አለ። ሠርክአዲስ ‹የልጅቷ› አለች። እርስዎ ግን ‹የመስከረም ገጽ እስካለ ድረስ› አሉኝ። መኖሩን ማን ነገረዎት?»

ገነነ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ እነሱ ግን ወደ ጫማቸው ያዩ ነበር።

«ማክሰኞ ጠዋትም መጋዘንዎ ዝግ ነበር» አለች ትሕትና።

«አልገደልሁትም» አለ ገነነ በመጨረሻ። «ገጹን ከፍቶ አሳየኝ፤ ነጥቄው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ደርሶ ኩታዬን ያዘኝ። ገፋሁት፤ ይኸው ነው። ዘሩ፣ ስማኝ። ልጄ ሊያገባ ነው። ናሁሰናይ አሥራ አምስት ዓመት ቢታሰር የትኛው ቤተሰብ ይጋባናል? ለሰላም ብዬ ነው!»

ዘሩ ሊነሣ ሲል ፖሊሶቹ ትከሻውን ያዙት። ከዚያ እሱን ለቅቀው ገነነን ማሰር እንዳለባቸው ትዝ አላቸው።

የያህያ ስልክ ጠራ። ጥግ ሄዶ አነጋገረና ተመለሰ።

«ዐቃቤ ሕጉ ነው። ምስክሩ ስለሞቱ የነገው ቀጠሮ ተለውጧል። ፍርድ ቤቱም ለክረምት ይዘጋል። ለጥቅምት ተቀጥሯል።»

«መዝገቡ'ኮ አለ» አለች ትሕትና። «ገጿ አለ! ወረቀቱን የሠራው ሰው እዚህ ተቀምጧል!»

«ነግሬዋለሁ። ለጥቅምት አለኝ።»

መስከረም አዳራሹ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። «ናሁሰናይ አመክሮው የሚሞላው መቼ ነው?»

ያህያ ወደ ትሕትና አየ። ትሕትና መዋሸት ትችል ነበር።

«በመስከረም» አለች።

«በስሜ» አለች ልጅቷ።

ከፊት ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ፣ የሆነው ሆኗል። ገነነም ቢሆን ዕድሜው ገፍቷል። የቀድሞ ጥፋት የለበትም። ወንድማማቾች ናቸው፤ ቤተሰቡ በእርቅ ቢጨርሰው ዳኛውም አይቶ...»

መስከረም ተነሣች። እናቷ እጇን ልትይዛት ሞከረች፤ አልቻለችም። ልጅቷ በሽማግሌዎቹና በገነነ መሀል አለፈች፤ ማንንም አላየችም። ደጁ ላይ ስትደርስ ወጥታ የበሩን እጀታ በሁለት እጇ ያዘች። በሩ መሬቱን እየፋቀ ተንቋረረ። ያ ክረምቱን ሙሉ አይገጥምም የተባለ በር፣ እስኪገጥም ሳበችው።