ሕፃን ሲጠባ አይታይም

ማራኪ ትንሽ ወንድም አላት። ስሙ ያፌት ነው፤ ገና ጥርስ አላወጣም።

ያፌት ሲርበው እማዬ ታቅፈዋለች። ነጠላዋን ከላይ ጣል ታደርግና ታጠባዋለች።

ከነጠላው ሥር ድምፅ ይሰማል። «ምጥጥ፣ ምጥጥ፣ ምጥጥ።»

ማራኪ ማየት ትፈልጋለች። የነጠላውን ጫፍ ቀስ ብላ ገለጥ ታደርጋለች።

«ተይ ማራኪዬ» ትላለች እማዬ። «ሕፃን ሲጠባ አይታይም።»

ማራኪ ጫፉን ትለቃለች። ከውጭ ሆና ድምፁን ብቻ ትሰማለች።

አንድ ቀን ጠዋት እማዬ የሥራ ልብሷን ለበሰች። ያፌትን ከወለደች ወዲህ ሥራ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው።

እማዬ አውቶቡስ ጣቢያ ለተሳፋሪዎች ትኬት ትቆርጣለች። ከመሄዷ በፊት የጡቷን ወተት አለበችና ጡጦ ውስጥ አስቀመጠች።

«ሲርበው ይህን ትሰጪዋለሽ» አለቻት እህቷን ዘርፌን። ማራኪ አክስቷን ዘርፌን «እታለም» ነው የምትላት።

እማዬ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች፤ ያፌትን ሳመችው። እንደገና በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች፤ ማራኪን ሳመቻት።

«እምቢ ቢልስ?» አለች።

«ሂጂ አንቺ። ሰዉ ያለ ትኬት ሊሳፈር ነው» አለች እታለም።

ጥቂት ቆይቶ ያፌት ራበው። «እኝ… እኝ…»

እታለም ጡጦውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አቆመችው። ወተቱ ለብ ሲል እጇ ላይ ጠብ አድርጋ ሞከረችው፤ አያቃጥልም።

ጡጦውን ወደ ያፌት አስጠጋች። ያፌት ግን አፉን ግጥም፣ ፊቱን ዘወር አደረገ።

«እስቲ እኔ» አለች ማራኪ። «ያፌቴ፣ ይጣፍጣል እኮ። እየው፣ ምጥጥ።»

ያፌት አፉን ግጥም፣ ፊቱን ዘወር አደረገ።

«እኝ! እኝ!» ልቅሶው ጎረቤት ተሰማ። እማማ የሺመቤት መጡና ቁልፋቸውን አቃጨሉለት። «ቅጭል፣ ቅጭል። ጠጣ የኔ ጌታ።»

አፉን ግጥም፣ ፊቱን ዘወር።

ጋሽ ድልነሳም መጡና አፏጩለት። «ፊዩ፣ ፊዩ።»

አፉን ግጥም፣ ፊቱን ዘወር።

«ይህ ልጅ ፉጨት አይወድም» አሉ ጋሽ ድልነሳ።

«ፉጨትስ ይወዳል። ያንተን ነው ያልወደደው» አሉ እማማ የሺመቤት።

የግቢው ዶሮ ሳትቀር በበሩ አንገቷን አስግጋ አየችው።

ያፌት አንዴ ቁልፉን ያያል፣ አንዴ ጋሽ ድልነሳን፣ አንዴ ዶሮዋን። ወተቱን ግን አልጠጣም።

ልቅሶው እየደከመ ሄደ። ማራኪ ሆዷ ባባ። እማዬ የምትመጣው ማታ ነው፤ ያፌት እስከዚያ በባዶ ሆዱ ሊቆይ ነው?

ማራኪ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም የያፌትን አፍ እያዩ ነው። እሷም ጭምር።

«ውይ» አለች። ሮጣ ሄዳ የእማዬን ነጠላ አመጣች።

«ሁላችሁም ዙሩ። ሕፃን ሲጠባ አይታይም» አለች።

«ጡጦ እኮ ነው ማራኪ» አለች እታለም።

«ለያፌት ያው ነው።»

እማማ የሺመቤት ሳቁ። «እውነቷን ነው። ጡጦ ነው ብለን ዓይናችንን ተክለን ቆምን። ና እንውጣ ድልነሳ።» ዶሮዋንም «እሽ» ብለው እየነዷት ወጡ።

እታለም ያፌትን ታቅፋ ነጠላውን እንደ ድንኳን ከራሷ ላይ ዘረጋችው። «ነይ ግቢ» አለቻት ማራኪን። «ጡጦውን ያዢልኝ።»

ማራኪ ገባች። ውስጡ ነጭ ነው። ጸጥ ይላል። እማዬን እማዬን ይሸታል።

ጡጦውን ወደ ያፌት አስጠጋች። አልገፋችም፤ ጠበቀችው።

ያፌት አፉን ግጥም አደረገ። ፊቱን ግን አላዞረም። አሸተተ፤ ከዚያ አፉን ቀስ ብሎ ከፈተ።

«ምጥጥ… ምጥጥ፣ ምጥጥ፣ ምጥጥ።»

በጠባ ቁጥር ጆሮው ይንቀሳቀሳል። ማራኪ ይህን አታውቅም ነበር።

ወተቱ ሲያልቅ እታለም ያፌትን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረገችው። «ግዕ» አለ ያፌት።

«ጠጣ እንዴ?» አሉ ጋሽ ድልነሳ ከውጭ።

«አገሳ እኮ፤ አልሰማህም?» አሉ እማማ የሺመቤት።

ማታ እማዬ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። «ጠጣ?»

ማራኪ ባዶውን ጡጦ አሳየቻት።

እማዬ ቁጭ አለች። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ቀኑን ሙሉ ልቤ እዚህ ነበር» አለች። «እንዴት ብሎ ጠጣ? እስቲ ንገሪኝ።»

«አይታይም» አለች ማራኪ፤ አፏንም ግጥም አደረገች።

የመኝታ ሰዓት ደረሰ። እማዬ አልጋው ላይ ያፌትን አቀፈችና ነጠላዋን ጣል አደረገች።

«ምጥጥ፣ ምጥጥ፣ ምጥጥ።»

ማራኪ አጠገባቸው ተኝታ ሰማች። የነጠላውን ጫፍ አልነካችውም።

ጫፉ ግን ቀስ ብሎ ተገለጠ። የገለጠችው እማዬ ናት።

«ነይ ግቢ» አለቻት።

«ይታያል እንዴ?»

«ለእህቱ ይታያል።»

ማራኪ ገባች፤ ራሷን እማዬ ክንድ ላይ አሳረፈች። «ጆሮውን እይው» አለች በሹክሹክታ።

እማዬ አየች። እውነትም ትንሿ ጆሮ ትንቀሳቀሳለች።

መጀመሪያ ያፌት ዓይኑን ከደነ። ከዚያ ማራኪ።