ሶኬቱ የተነቀለው ቆጣሪ

የበደለኝ አቶ ታፈረ ነው፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በጥቅምት ወር በአንድ ሰኞ፤ ስሙን የምጠራው ራሱ እንዲሰማው ብዬ ነው። እኔ በዛርም በጥላ ወጊም የማላምን፣ ቁይ ከተማ መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ፣ ይህንን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

ያን ሰሞን ኮምፒውተር ገባልን፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቼ ስሜን አስገባሁ፣ ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሄድ 8:30 ብሎ መዘገበ፣ አለቃዬ አቶ ታፈረ ደግሞ «ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ነው የገባችው» ብሎ ከኃላፊነቴ አስነሳኝ። ኮሚቴ ሊያጣራ ሲመጣ 8:30 ያለው በእኛ ሰዓት እንዲመስል የማሽኑን ሰዓት ቀድሞ ወደ እኛ አቆጣጠር አዙሮ ጠበቃቸው፣ ማን ይመነኝ! ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ ላይ ባየኝ ቁጥር «እትዬ የሺ፣ ገና ስምንት ተኩል አልሆነም፣ ምነው ፈጠኑ?» ይላል፣ ሰውም ይስቃል።

ዘንድሮ አሮጌዎቹ ማሽኖች ሲወገዱ፣ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር የምትጠግነው የወንድሜ ልጅ ትርንጎ ያንኑ የእኔን ለመለዋወጫ ወሰደችው። ልጠይቃት በሄድኩበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፈታችው።

«እትዬ፣ ይቺን ይዩ» አለች፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ አውጥታ፤ «ማሽኑ ሲጠፋ ሰዓቱን የምታቆየው እሷ ናት። ሲበራ ከርነል የሚባለው የውስጥ አዛዥ አንዴ ከእሷ ያነብና ከዚያ በራሱ ምት ይቆጥራል።»

«ሰው ሰዓቱን ቢያዞረውስ?»

«የሚታየው ሰዓት ይዞራል፣ ከበራ ጀምሮ ያለው ቆጠራ ግን ወደ ኋላ አይመለስም። ከጠፋ ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።»

ባትሪዋ መዳፏ ላይ እያለች አዲስ ገመድ ሰክታ አበራችው፣ ቆጠራውን ጠየቀችው። ዘጠኝ ዓመት ከጥቂት ቀናት ይላል። ወደ ኋላ አሰላችው፣ ያ ሰኞ ላይ አረፈ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ እመኑኝ፣ ማሽኑ እኮ ገመዱን አይጥ በልቶት ዓመታት ግምጃ ቤት ተጥሎ የኖረ ነው!

«ተበላሽቷል» አለችና ሶኬቱን ነቀለችው። ስክሪኑ ጨለመ፣ ከሳጥኑ ውስጥ ግን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

«ነቅለሽዋል?»

«ገመዱ እጄ ላይ ነው፣ እትዬ!» በሩ ጋ ሆና ነው የመለሰችልኝ። እኔን ሳቅ ያዘኝ፣ እንባዬ እስኪመጣ።

በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው ተመለስኩ፣ መኪናው ውስጥ እስከ ቁይ ጭኔ ላይ ሲቆጥር መጣ፣ ያ ምት ዛሬም ከጉልበቴ አልወጣም።

አቶ ታፈረ የቤቱን በር ከፈተልኝ። «ደግሞ ምን ይዘው መጡ?»

«ሰዓት ነው» አልኩት። ሳሎኑ ውስጥ አስቀመጥኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።