በጠበል ውስጥ ያደረች ድንጋይ

እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከሰው መካከል ቀድሜ የምነሣው እኔ ነበርሁ። አንዱ ጥላ አየሁ፣ ሌላው የሟች ድምፅ ሰማሁ ሲል፣ «በምን ብርሃን አየኸው? ከዚያ በፊትስ ተኝተህ ነበር ወይ?» እያልሁ የሰዉን ጨዋታ የማፈርስ፣ ዘመዶቼም «ዳኛው መጣ» እያሉ የሚሣለቁብኝ ሰው ነበርሁ፤ ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ እያፈርሁ እንደምነግራችሁ እወቁልኝ፤ ነገር ግን ሆኗል፣ እኔም በዚያ ነበርሁ።

የምኖረው በባዕድ አገር ነው፤ ሥራዬ ቤልቪው በሚባል ከተማ፣ መኖሪያዬ ግን ሌክ ሲቲ በሚሉት ሰፈር፣ ከእናቴ ታላቅ እኅት ከእትዬ አስካለ ዘንድ ነው። ለትምህርት ስመጣ ተቀብለው፣ እንደ ወለዱት ልጅ ያኖሩኝ እርሳቸው ናቸው። ትርፍ ጊዜዬን የምሰጠው ከሰማይ ለወደቁ ድንጋዮች ነው፤ በተለይም በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ መንደሮች ላይ ሲወርዱ ሰው ያያቸውን፣ ስብርባሪያቸውን ከአሮጌ ሰብሳቢዎች እየለመንሁ አጠራቅማለሁ። የምወዳቸው ምስክር ስላላቸው ነው፤ አየሁ ያለ፣ ሰማሁ ያለ ገበሬ ከኋላቸው አለ።

ከሁሉ የምሳሳላት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በአንዲት የፈረንሳይ መንደር ላይ፣ በጠራራ ቀን፣ እንደ በረዶ ከዘነቡት ድንጋዮች የተገኘች፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስባሪ ናት። ድንጋይ ከሰማይ ሲወርድ ላዩ በግለት ይቀልጥና እንደ ከሰል የጠቆረ ስስ ቅርፊት ይለብሳል፤ የእኔዋ ግን ከትልቅ ድንጋይ መካከል የተሰበረች ስለሆነች ሁለንተናዋ አመድማ ነው፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ እንኳ የላትም፤ ይህን ያዙልኝ። እንዲህ ያለውን ድንጋይ በባዶ እጅ አንነካም፣ ላብ ያዝገዋል፤ ውሃማ ዋና ጠላቱ ነው። ስለዚህ ቁጥር ብቻ በተጻፈበት ትንሽ ብልቃጥ፣ ከራሷ ከረገፈው ትቢያ ጋር ዘግቼ አኖርኋት።

ባለፈው የነቢያት ጾም እትዬ አስካለ ታመሙ። እግራቸው አበጠ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ ሐኪም ቤት ግን በጄ አላሉም፣ ባለቤታቸው በእግራቸው ገብተው በሣጥን ስለወጡ። ማውንት ቤከር ከሚባል ሌላ ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ሊዲያ በየቀኑ እየመጣች ትሟገታቸዋለች።

«ማሚ፣ ፕሊስ! አፖይንትመንቱን ሁለቴ ካንሰል አደረግሽው እኮ!»

«ካንሰል አላደረግሁም፤ አልሄድም ነው ያልሁት።»

«ኢትስ ዘ ሴም ቲንግ!»

«ሴም አይደለም። ካንሰል ይቅርታ አለበት።»

እኔም ለመንሁ፣ ተቆጣሁ፣ አልሆነም። ከጠበላቸው በቀር መድኃኒት አልወስድ ብለው፣ ዓይናችን እያየ ሲደክሙ ከረሙ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ በዚህ አገር ክረምት እንደሚሆነው ማታ ሳይሆን ጨልሟል፣ ዝናቡም ያካፋል። በሩን እንደከፈትሁ የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን «ሽሽ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማንቆርቆሪያው ይሆናል ብዬ ወደ ማእድ ቤት ገባሁ፤ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። ድምፁ ግን አላቋረጠም፣ እመኑኝ፣ ተከትዬው ሄድሁና እትዬ አስካለ ከተኙበት ክፍል አደረሰኝ። ክፍሉ አሁን የተጫረ ክብሪት ይሸታል። ከሥዕለ ማርያም ሥር የተቀመጠው የጠበል ጠርሙስ ውስጥ፣ ከታች፣ ያቺ ድንጋይ ተኝታለች፤ የሚሸተውም የሚንሾካሾከውም ጠርሙሱ ነው።

«እትዬ! ይህን ማን ከተተው?»

«እኔ ነኛ! እምነት በብልቃጥ ደብቀህ ታስቀምጣለህ? ተማርሁ ብለህ አፍረህ ነው አይደል? ከየትኛው ገዳም የመጣ አፈር ነው?»

«እምነት አይደለም፣ ተራ ድንጋይ ነው! ጠጡት እንዴ?»

«ትናንት ማታ ከተትሁት፣ ዛሬ ጠዋት በባዶ ሆዴ ጠጣሁት። አሁን ዝም በል፣ ሰዎቹን አላሰማ አልኸኝ።»

«የትኞቹን ሰዎች?»

«ሜዳው ላይ ያሉትን። ሴቶቹ ነጭ ቆብ ደፍተዋል፣ ጫማቸው እንጨት ነው። በእንጨት ጫማ ሲሮጡ አይተህ ታውቃለህ? ያስቃል» አሉና እውነትም ሳቁ። «ከብቱ ደንብሯል። ሰማዩ ደመና የለው፣ ምን እንደሚያጓራው እንጃ።»

ያቺ ድንጋይ ከየት እንደመጣች በዚያ ቤት ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወዲያው ከሰማይ ጉርምርምታ መጣ፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ሩቅ መድፍ፣ ከዚያም እንደሚንከባለል ጋሪ ረዘም ያለ። መስኮቱ ተርገፈገፈ፣ በብርጭቆው ውስጥ የነበረው ማንኪያ ጮኸ። የዚያች መንደር ምስክሮች ሰማን ያሉት ይህንኑ ነበር። እትዬ አስካለ ለማይታየኝ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነጠላቸውንም ሳቡ።

«ለልጅቷ ደውልላት። ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

ሊዲያ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታስር ደረሰች። «እሺ አለች? ሲሪየስሊ? ምን ብለሃት ነው?» አለችኝ። ነጎድጓድ ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «የምን ነጎድጓድ? ዝናብ ብቻ ነው» አለች። ሐኪሞቹ ልባቸው በውሃ ተከብቦ አገኙት፤ ሌላ ሌሊት ቤት ቢያድሩ ኖሮ አይነጋላቸውም ነበር አሉን። ውሃው ተቀዳ፣ እርሳቸውም ዳኑ።

በማግሥቱ ልብስ ልወስድላቸው ተመልሼ፣ ዝጋ ትሆናለች ብዬ ድንጋይዋን በወረንጦ ከጠርሙሱ አወጣኋት። አልዛገችም። ዙሪያዋን፣ የቀድሞ ስብራቷ ሳይቀር፣ ጥቁር ቅርፊት ለብሳለች። ፎቶዋን አንሥቼ፣ ድንጋይዋን ለሰጠኝ አሮጌ ሰብሳቢ ላክሁለት፤ «ተሳስተሃል፣ ይህች የእኔ አይደለችም፣ አሁን የወደቀች ናት» ሲል መለሰልኝ።

እትዬ አስካለ ዛሬ ደረጃውን ሳያርፉ ይወጣሉ፣ ከሊዲያ ጋርም በሙሉ ትንፋሽ ይከራከራሉ። ለማን እንደሆነ ለይቼ ባላውቅም፣ ጠዋት ኮቴያቸውን በሰማሁ ቁጥር አመሰግናለሁ። የበዓል ሰሞን ግን፣ ሻይ ስንጠጣ፣ ያን ዕለት ለምን እሺ እንዳሉ ጠየቅኋቸው።

«ሰዎቹ ነይ አሉኛ» አሉ፣ የጎረቤት ጥሪ እንደሚያወሩ ሁሉ። «ልጆቼ ተጨንቀዋል፣ ሐኪሙም ይየኝ፣ ቆይቼ እመጣለሁ አልኋቸው። እሺ አሉ። ጨዋዎች ናቸው።»

«መቼ እመጣለሁ አሏቸው?»

ስኳር ጨመሩና ሻያቸውን አማሰሉ።

«ቀን አልቆረጥንም።»