በሰው እጅ የተመለሰው ጽዋ

«አንቺ! የት ጠፋሽ? ቤታችሁ ብመጣ ተቆልፏል!» አለች ኤደን በሩን ከፍታ።

ዊንታ ደጃፉ ላይ በነጠላ የተሸፈነውን የሚካኤል ማኅበር ጽዋ እንዳቀፈች ቆማለች።

ነገሩ እንዲህ ነው ልጆቼ። የዊንታ አባት ሓለፎም ወልድያ ላይ ሱቅ ከፍቶ፣ ልጅ ድሮ፣ ሙት ቀብሮ የኖረ ሰው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ግን «ትግሬ ነው፤ ወሬ ያቀብላል» ብሎ ከጎረቤት አንዱ ጠቆመው። ታስሮ ተፈታ። ጠቋሚው አልታወቀም። የጽዋው ተራ የነሱ ሲሆን ደግሞ ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው ተጋግሮ፣ ሰው ቀረ። ጽዋውን መረከብ የነበረባቸው የኤደን እናት፣ እትዬ አለሚቱም ቀሩ። ሓለፎምና ቤተሰቡ ከከተማው እንዳይወጡ በየኬላው መታወቂያ ይታያል። ስለዚህ ጓዛቸውን በባጃጅ ጭነው፣ እዚያው ወልድያ ውስጥ የሚያውቃቸው ወደሌለበት ወደ አዳጎ ሰፈር ዞሩ።

«ጽዋው አደራ ነው፣ አድርሺ» ብላ ነበር እናቷ። «አዲሱን ቤታችንን ግን ለኤደንም ቢሆን እንዳትናገሪ።»

እትዬ አለሚቱ ከውስጥ ወጥተው ጽዋውን ተቀበሏት። «ጽዋ በልጅ ይላካል እንዴ? የዚያን ለት እኮ አሞኝ ነው የቀረሁት።»

የዚያን ለት ከገበያ ሲመለሱ ዊንታ በመስኮት አይታቸዋለች።

«እግዚአብሔር ይማርዎት» አለች።

«ታዲያ የት ገባችሁ?»

ኤደንም ቀና ብላ አየቻት።

«መርሳ። አክስቴ ጋ።»

«መርሳ? ሳትነግሪኝ? በቃ ዘጋሁሽ!» አለች ኤደን። ወዲያው ግን ጫማዋን ፈለገች። «ቆይ፣ መናኸሪያ ልሸኝሽ።»

«ተዪው ባክሽ...»

«ዝም በይ! አንቺን ሳልሸኝ ማንን ልሸኝ ነው?»

መናኸሪያው ውስጥ የሚኒባሱ ረዳት «መርሳ! መርሳ አንድ ሰው!» ይላል። ኤደን እጇን ይዛ እየጎተተች በሩ ላይ አደረሰቻት።

«ኤዱ...» አለች ዊንታ።

«ምን?»

ኤደን አሳልፋ እንደማትሰጣት ታውቃለች። ግን ኤደን ከእናቷ የምትደብቀው ነገር ኖሯት አያውቅም።

«ምንም። ደህና ሁኚ።»

ተሳፈረች። ኤደን በመስኮቱ በኩል እየሮጠች «ስትመጪ እኛ ጋ ነው የምታድሪው፣ እሺ?» አለች። ዊንታ «እሺ» ብላ እጇን አውለበለበች፤ ሚኒባሱ እስኪታጠፍ ድረስ አላወረደችውም።

«ወራጅ አለ!»

«ምነው እህቴ፣ አሁን አልተሳፈርሽም? መርሳ ቀረበችልሽ?» ሳቀባት ረዳቱ።

ወረደች። ኤደን በዋናው መንገድ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ይሆናል። ዊንታ ነጠላዋን ፊቷ ድረስ ስባ፣ ወደ አዳጎ የሚወስደውን ረጅሙን የጓሮ መንገድ ያዘች።